ሄደው መመለስ ብቻ የፈለጉት የአቶ ኣሚር ሓሚድ የሕይወት ታሪክ (1945–1999)

አቶ ኣሚር ሓሚድ ከአባታቸው ከአቶ ሓሚድና ከእናታቸው ከሐጃ ረስሚያ፣ በፍልስጤም ምድር፣ ከጋዛ ከተማ በስተ ሰሜን በነበረች፣ ዛሬ ስሟ በካርታ ላይ በማይገኝ መንደር በ1945 ተወለዱ። ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም እንደዚያው። ወሩን እናታቸው "ብርቱካኑ ሲያብብ ነው" ከማለት በቀር በሌላ አልነገሯቸውም። ፍራንክፈርት ሲደርሱ አበባ ማስረጃ ስለማይሆን "ጃንዋሪ 1" ተብሎ ተጻፈላቸው። እሳቸውም አልተከራከሩም። "ቁጥር ነው፤ ከቁጥር ጋር አልጣላም" አሉ። ከቁጥር ጋር የተጣሉት ኋላ ነው።

በ1948 መንደራቸው ስትፈርስ የሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው አዝለዋቸው ጋዛ ገቡ። አባታቸው እዚያው በመጠለያው ሰፈር ስላረፉ፣ ኣሚርንና አንዲት እህታቸውን ሐጃ ረስሚያ ለሰው ልብስ እያጠቡ አሳደጓቸው። አቶ ኣሚር ትምህርታቸውን በድንኳን ጀምረው በትምህርት ቤት ጨረሱ፤ በ1963 ወደ ካይሮ ሄደው ሒሳብ አጠኑ። በ1967 ጦርነት ሲነሣ የመጨረሻው ፈተና ላይ ነበሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ጋዛ ያልነበረ ሰው የጋዛ ሰው አይደለም ተባለ። እናታቸውና እህታቸው ደግሞ ወደ ዮርዳኖስ ተሻግረው አማን አጠገብ ሰፈሩ። ስለዚህ አቶ ኣሚር ፈተናውን አልፈው አገራቸውን ወደቁ።

ከ1968 ጀምሮ ለሃያ ሦስት ዓመት በኩዌት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ሆኑ። ኡስታዝ የሚለው መጠሪያ ከዚያ ነው የመጣው፤ እዚህ ፍራንክፈርት ያለው የእድራችን ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ኡስታዝ እያለ ሲጠራቸው ኖሯል። የደሴዋን ልጅ ወይዘሮ ሳፍያን ያገኙትም እዚያው ነው። ወይዘሮ ሳፍያ ከአጎታቸው ጋር መጥተው የልብስ ስፌት ሱቅ ከፍተው ነበር። አቶ ኣሚር አንዱን ሱሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሊያሳጥሩ ሲመጡ፣ ወይዘሮ ሳፍያ መቀሱን አስቀምጠው፣ "ይሄ ሱሪ ከአሁን በኋላ ቁምጣ ነው፤ የፈለግከውን ተናገርና ሱሪውን ተወው" አሏቸው። በ1976 ተጋቡ። ኣማልና ኣልኣሚን ተወለዱላቸው። አማርኛውን የቀሰሙት ከሚስታቸው ነውና የወሎ አማርኛ ነበር፤ ሰው ሲያጽናኑ "አብሽር" ሲሉ የሰማ የሐይቅ ሰው እንጂ የጋዛ ሰው አይላቸውም።

እናታቸውን በየሁለት ሦስት ዓመቱ አማን እየሄዱ ይጠይቁ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት በኦገስት 1989 ነው። ያኔ "የሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ" ብለው ተለዩ። የሚቀጥለው ዓመት የኩዌት ጦርነት ሆነ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ፍልስጤማዊ ሁሉ ውጣ ተባለ። የእሳቸው የጉዞ ሰነድ ደግሞ አገር የሌለው ሰው ሰነድ ነበርና የሚቀበለው አገር ጠፋ። በሴፕቴምበር 1991 ቤተሰቡ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ላይ ጥገኝነት ጠየቀ።

ኒድ በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር፣ ወንዙ አጠገብ ባለው መጠለያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተሰጣቸው። ሃያ ሁለት ካሬ ሜትር ነው። በ1992 ሦስተኛ ልጃቸው ስትወለድ አቶ ኣሚር ወዲያው አስበው፣ ለሰው አራት ከአርባ ካሬ ደረሰን አሉ። ሕፃኗን ሓርነት ያሏት፣ ምጡ ሲመጣ ወይዘሮ ሳፍያን ሐኪም ቤት ያደረሱት የጎረቤት ክፍል እመቤት ወይዘሮ ኣስካሉ ናቸው። ስሟ በትግርኛ ነጻነት ማለት ነው። በ1993 የጥገኝነቱ ጥያቄ ውድቅ ሲሆን ሓርነትም እንደ ሌሎቹ ዱልዱንግ ተሰጣት።

ዱልዱንግ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ዕድለኛ፦ "ውጡ፤ ግን የሚቀበላችሁ እስኪገኝ ለጊዜው አናስወጣችሁም" የሚል፣ በየሦስት ወሩ የሚታደስ ወረቀት ነው። የሚቀበል አገር ተፈለገ። በልጆቹ እናት በኩል ኢትዮጵያ ብትጠየቅ ልጅ በአባቱ ነው ተባለ፤ በአባታቸው በኩል የሚጠየቅ በር አልነበረም። ወረቀቱ ሥራ አያሠራም። ፍራንክፈርት ካለችበት ከሄሰን ክፍለ ሀገር ድንበርም አያሳልፍም። ኣማል የሙያ ትምህርት ቤት አግኝታ ፈቃድ አጣች፤ ይህን ዛሬ በእድሩ ስም የሚነበበውን ታሪክ ያዘጋጀችው እሷ ናት፣ የአማርኛ ፊደሉንም የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ አይደለም። የኣልኣሚን ክፍል ሃይድልበርግን ሊጎበኝ ሲሄድ ሃይድልበርግ ከድንበሩ ማዶ ሆነችና ልጁ በጀርመንኛ "ግድ የለም፣ ፓፓ" ብሎ ቀኑን ሙሉ አልጋው ላይ ዋለ። አባቱም በታችኛው አልጋ ላይ ዋሉ። አንዱ ሌላው እንዳልተኛ ያውቅ ነበር።

አቶ ኣሚር ስለ ክፍሉም ስለ ሥራውም ብዙ አያማርሩም ነበር። በመጠለያው ደረጃ ላይ ተቀምጠው የአሥራ ሁለት አገር ልጆችን ሒሳብ ያስተምሩ ነበር፤ ደመወዝ ስለሌለው ሥራ አልተባለም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አማን ሄዶ እናትን አይቶ መመለስ። በየእሑዱ ስልክ ሲደውሉ፣ ዩማ፣ ማለት እማዬ፣ የሚሏቸው ሐጃ ረስሚያ የሚጠይቁት "መቼ ነው የምትመጣው?" ብለው ነው። "ወረቀቱ ሲያልቅ፣ ዩማ።" "የምን ወረቀት ነው የማያልቅ? የሚጽፈው ሰው እጁ አንድ ነው እንዴ?" መውጣት ይችሉ ነበር፤ ከወጡ ግን ወደ ሚስትና ልጆቻቸው መመለሻ አልነበራቸውም። በ1995 የበጋ ወራት ጠበቃቸው የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ አስገባላቸው። ያ ቢገኝ የጉዞ ሰነድ አብሮት ይመጣል፤ ሄዶ መመለስ ይቻላል። ጠበቃው አንድ ነገር አስጠነቀቀ፦ እስኪወሰን ድረስ መዝገቡ ንጹህ ይሁን፣ አንዲት ጥፋት እንዳትገባበት።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ከእድራችን መሥራቾች አንዱ የነበሩት አቶ በሪሁን ቪስባደን ላይ አረፉ። ቪስባደን በሄሰን ውስጥ ናትና አቶ ኣሚር ከኒድ በሚነሣው የከተማ ባቡር፣ በኤስ-ባን፣ ድንበር ሳያልፉ ደርሰው አፈር አለበሱ። በመልሱ ሃያ የምንሆን ለቀስተኞች ቪስባደን ባቡር ጣቢያ ቆምን። ወደ ፍራንክፈርት ሁለት መስመር አለ፤ አንደኛው የመጣንበት ነው፣ ሁለተኛው በማይንስ ከተማ ዞሮ በአየር ማረፊያው፣ በፍሉግሃፈን በኩል ይመለሳል። ማይንስ ያለችው በሌላ ክፍለ ሀገር ነው። ቀድሞ የቆመው ሁለተኛው ሆነ።

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ገብሩ የአቶ ኣሚርን ክርን ይዘው፣ "ግቡ እንጂ! ሁለቱም ፍራንክፈርት ነው የሚገቡት፤ በዚህ ብርድ ሌላ ሬሳ ልንሸከም ነው?" አሉ።

አቶ ኣሚር የሄሰንን ድንበር እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃላቸው ያውቁታል። "እኔ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ" ማለት ይበቃቸው ነበር። ግን ከቀብር የሚመለስ ሰው አይነጣጠልም። ለምን ቢባሉስ? ሃያ ሰው ፊት፣ ሽማግሌ እጃቸውን ይዞ፣ "እኔ ማይንስን እንዳላልፍ የተከለከልኩ ሰው ነኝ" ሊሉ ነው? ይሉኝታ ያዛቸው። ይህን ይሉኝታ ከጋዛም ከኩዌትም አላመጡትም። የእኛ ነው፤ አማርኛውን ሲማሩ አብሮ ገባባቸው። ገብተው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ።

ማይንስ ላይ ፖሊሶች ወረቀት ሊያዩ ገቡ። አቶ ኣሚር በጀርመንኛቸው "አልወረድኩም፣ መሬቱን አልረገጥኩም፣ ተቀምጬ ነው ያለሁት" አሉ። መቀመጥ ማምለጫ አልሆነም፤ አወረዷቸው። ማይንስን በሕይወታቸው የረገጡት ፖሊስ ሲያወርዳቸው ብቻ ነው። ለቀስተኛው ግራ ሲጋባ "ትንሽ ጉዳይ ነው፤ እናንተ ቀጥሉ" ብለው በእጃቸው ሸኙት። በፌብሯሪ 1996 የመኖሪያ ፈቃዱ ማመልከቻ ውድቅ ሆነ። ከምክንያቶቹ መካከል ያ ቀን በሰዓቱና በባቡሩ ተጽፏል። ከድንበሩ ማዶ የቆዩት ሩብ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነበር፤ ፖሊስ ያቆያቸው ሳይቆጠር።

ከዚያ በኋላ ማንሃይም ሰው ሞተብን፤ አቶ ኣሚር አልመጡም። ኮሎኝ ሞተብን፤ አልመጡም። ሦስተኛው ለቅሶ እዚያችው ማይንስ ነበር። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። የእድራችን ደንብ የታወቀ ነው፤ ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል፤ የተሰረዘን ሰው ደግሞ ማን ይቀብረዋል? "አረቡ ኮራብን" ተባለ። ይህን ያላችሁ ዛሬ እዚህ ተቀምጣችኋል፤ ስም አልጠራም፣ ለቅሶ ላይ ነን።

በጁን 1996 በተደረገው ስብሰባ ወይዘሮ ኣስካሉ፣ "ኡስታዝ፣ ለቅሶም በቴርሚን ሆነ እንዴ? ለሬሳ ቀጠሮ አስይዙ እንበል?" ብለው ሰዉን አሳቁ። አቶ ኣሚርም አብረው ሳቁ። ወይዘሮ ሳፍያ ግን አልሳቁም። ተነሥተው የሄዱት ወደ ጠረጴዛው ነው፤ ዱልዱንጉን፣ የማይንሱን ክስና የውድቅ ደብዳቤውን ተራ በተራ አስቀመጡ። "እሱን ይሉኝታ ይዞታል፤ እኔን አልያዘኝም። ማንበብ የሚችል ያንብብ። ከቀብራችሁ ሲመለስ እናቱን ቀብሮ መጣ" አሉ።

አቶ ገብሩ ደብዳቤውን አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ክርንህን የያዝኩህ እኔ ነኝ" አሉ። "ባትይዘኝም እገባ ነበር፤ ብርድ ነበር" አሏቸው አቶ ኣሚር። ወይዘሮ ኣስካሉ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ስብሰባው እስኪያልቅ ቃል አልተነፈሱም፤ ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

በዚያ ቀን ደንቡ ተሻሻለ። ዱልዱንግ ያለበት አባል ከሄሰን ውጭ ካለ ቀብር ቢቀር አይቆጠርበትም፤ በምትኩ እዚህ ሰው ሲቀበር ሐዘን ቤቱን ይጠብቃል ተባለ። አንቀጹን በንጹህ አማርኛ ገልብጠው የጻፉት ራሳቸው አቶ ኣሚር ናቸው። እንደምታውቁት ሰዉ ወደ መቃብር ሲሄድ ቤት የሚቀሩት ሴቶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ወንድ ተጨመረ። ንፍሮውን በሰዓት ይዘው ይቀቅላሉ፤ ለቀስተኛ ሲመለስ በራፍ ላይ ማስታጠቢያ ይዘው ቆመው ሃምሳ ሰው እጅ ያስታጥባሉ። "ጎሽ ኡስታዝ፣ ስንዴውም ፈርቶህ እኩል ይበስላል" ይሏቸው ነበር ወይዘሮ ኣስካሉ። ከመካከላችን በእሳቸው እጅ ውኃ ያልፈሰሰለት ጥቂት ነው።

በ1996 መጨረሻ የሥራ ፈቃድ ተገኘና በፍሉግሃፈን የጽዳት ሠራተኛ ሆኑ። የመንገደኞችን አዳራሽ ወለል ያጸዱ ነበር፤ ከፓስፖርት መመልከቻው ወዲህ ያለውን ብቻ። የአማን በረራ በሳምንት የትኞቹ ቀናት ከየትኛው በር እንደሚነሣ ከአየር መንገዱ ሰዎች ይልቅ እሳቸው ያውቁ ነበር። ሰው ጠይቋቸው ሲያሳዩ አይተናል።

በጁላይ 1998 ሐጃ ረስሚያ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ዓይናቸውም ከዚያ በፊት ደክሞ ነበር። አቶ ኣሚር እንደገና አመለከቱ። መልሱ መጥፎ አልነበረም፤ በትሕትና የተጻፈ ነበር። መሄድ ይችላሉ፣ ለአንድ ጊዜ መውጫ የሚሆን ወረቀት ይሰጥዎታል፣ መመለስ ግን አይፈቀድም። ወይዘሮ ሳፍያ ሻንጣውን ራሳቸው አዘጋጁ። "እናት አንዲት ናት። ሂድ፤ እኛን አላህ አይጥለንም" አሉ። ልጆቹም ተሰለፉና ተሳሙ።

ኦገስት 11 ቀን አቶ ኣሚር ሻንጣቸውን ይዘው፣ ከሁለት ቀን በፊት ወለሉን ባጸዱበት አዳራሽ የአማን ተራ ላይ ቆሙ። ከፊታቸው ሦስት ሰው ሲቀር ከተራው ወጡ። በአውቶቡስ ኒድ ተመለሱ። ሓርነት ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ደረጃው ላይ አገኘቻቸውና በጀርመንኛ "ፓፓ፣ ተመለስክ?" አለቻቸው። "ተመለስኩ" አሏት በአማርኛ። ስለዚያ ቀን ከዚህ ሌላ ያሉት የለም። እሑድ ደርሶ ሲደውሉ እናታቸው መቼ እንደሚመጡ አልጠየቋቸውም፤ እስከ መጨረሻውም ደግመው አልጠየቁም። ከስብራቱ ይልቅ ይህ እንደከበዳቸው ወይዘሮ ሳፍያ ያውቃሉ።

በሜይ 1999 የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሞቹ ደግ ነበሩ፤ በሽታው ግን ቀድሟቸው ነበር። በኖቬምበር መጀመሪያ አቶ ገብሩ ሆስፒታል ሊጠይቋቸው መጡ። ሊያጽናኑ ፈልገው፣ "ኣሚር፣ አንድ ነገር ቢመጣ አታስብ። እድሩ ከእናትህ ዘንድ ያደርስሃል" አሉ።

"መመለሻውስ?" አሏቸው አቶ ኣሚር።

አቶ ገብሩ ወንበራቸውን ወደ አልጋው ሳብ አደረጉ።

"መመለሻ የሌለውን ጉዞ ቆሜ እምቢ ብያለሁ። ተኝቼ እሺ ልል ነው? ሳፍያ የማትመጣበት መቃብር ምን ያደርግልኛል?" አሉ። ቀጥለውም ወለሉን አይተው፣ "ይሄን ክፍል የሚጠርገው ሰው ጥጉን ይዘላል" አሉና አቶ ገብሩን አሳቋቸው።

አቶ ኣሚር ማክሰኞ ኖቬምበር 16 ቀን 1999 ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ሚስታቸውና ሦስት ልጆቻቸው በተገኙበት አረፉ። የቀብር ድርጅቱ ሰው ማስታወሻውን አውጥቶ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የአስከሬን ፓስፖርት በሁለት ቀን ይደርሳል አለ። ወይዘሮ ሳፍያ ደግሞ እንዲነግራቸው ጠየቁ። ሁለት ቀን። ለሚራመደው ስምንት ዓመት ያልተገኘ፣ ለማይራመደው ሁለት ቀን። ሰውየው ጥፋት የለበትም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

ለሐጃ ረስሚያ በስልክ ያረዱት ወይዘሮ ሳፍያ ናቸው። ሐጃ መጀመሪያ ያሉት "ላኩልኝ" ነው። ወይዘሮ ሳፍያ ለአንድ እናት "ልጅሽ አልመጣም ብሏል" ብለው መናገር አቃታቸው፤ "እሺ፣ ዩማ" ብለው ዘጉ። ያን ቀን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የሟች ቃል አለ፣ የእናትም ቃል አለ፤ አንዱን ሳይሰብሩ ሌላውን መጠበቅ አልተቻለም። በማግሥቱ ሐጃ ራሳቸው አስደወሉ።

"እዚህ ቢቀበር አንቺና ልጆቹ ትመጣላችሁ?"

"አንችልም፣ ዩማ።"

"መቼም?"

"እኔ እንጃ።"

ሐጃም፣ "እኔ ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከመቃብሩ ጋር ብዙ አልቆይም። እናንተ ትቆያላችሁ። እዚያው ይሁን" አሉ። አንድ ነገር ግን ለመኑ፦ ለብሶት የከረመው ጃኬት ሳይታጠብ ይላክልኝ፤ ዓይኔ ባያይ በእጄ ልያዘው።

በዚህ መሠረት አቶ ኣሚር ዛሬ ዓርብ ኖቬምበር 19 ቀን እዚሁ ፍራንክፈርት በሙስሊሞች መካነ መቃብር ያርፋሉ። ጃኬቱን አቶ ገብሩ ራሳቸው ያደርሳሉ። ዲሴምበር 3 ቀን ወደ አማን ይሄዳሉ፤ ዲሴምበር 6 ቀን ይመለሳሉ።

አቶ ኣሚር ባለትዳርና የሁለት ሴቶችና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። አማን ላይ እናታቸው ሐጃ ረስሚያና እህታቸው፣ ኒድ ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳፍያ፣ ልጆቻቸው ኣማል፣ ኣልኣሚንና ሓርነት ቀርተዋል። የኒዶቹ ወረቀት እስከ ጃንዋሪ 14 ቀን ይሠራል።

አላህ ሰፊውን ለእሳቸው ይስጥልን፤ ጠባቡን ለእኛ ያስችለን። አሚን።